የማይነጥር መዶሻ

እግሬ ትንሽ ዝሏል። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከእህቴ ልጅ ጋር መዶሻ ስመርጥ ዋልኩ። አዎ፣ መዶሻ። ያውም አንድ። “ለመዶሻ ደግሞ ምን ምርጫ ያስፈልገዋል?” የምትሉ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። እህቴም ጠዋት ከቤት ስንወጣ፣ “መዶሻ መዶሻ ነው፤ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ስትለኩት ልትውሉ ነው?” ብላን ነበር። በዚህ አምድ ላይ ስለ በርበሬ አቀማመጥና ስለ ልጆች ጫማ ስታነቡ የኖራችሁ ደንበኞቼም የእህቴን ያህል ትገረሙ ይሆናል። ግን ነገሩ የቤተሰብ ነገር ነውና ታገሱኝ።

የእህቴ ልጅ ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ከጓደኛው ጋር ሆኖ አራዳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩና ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ የብረት በርና መስኮት መሥራት ጀመሩ። መነሻ ገንዘቡን የሰጠችው እናቱ ናት። ስትጥል የኖረችው እቁብ ሲደርሳት፣ የኩሽናዬን ጣሪያ አስጠግናለሁ ስትል የነበረውን ትታ ለልጇ አስረከበችው። ስለዚህ በዚያች ክፍል ውስጥ ያለው ሚስማር ሁሉ የእሷ እቁብ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ለሠርግ የሚሆን ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ታዘዙ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ደስ አላቸው። ልጁ ጎኑን ከመደርደሪያው ጋር ሲያገጣጥም መጋጠሚያው ጠበቅ አለበት። ያለው የአናጺ የብረት መዶሻ ነው። ጨርቅ አጥፎ ጣል አደረገበትና መታ። መጋጠሚያው ገባ፤ ጨርቁም ተንሸራተተ። እሱ ግን በችኮላ ላይ ስለነበር አላየውም። ዕቃው ሙሽሪት ቤት ሲደርስ የሙሽሪት እናት ጎኑን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና፣ “ይሄ ምንድን ነው ልጄ?” አሉት። ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ አምስት ጠባሳዎች፣ በተርታ።

ቁም ሳጥኑ ተጭኖ ተመለሰ። ተፋቀ፣ በስቱኮ ተሞላ፣ እንደገና ተቀባ፣ እንደገና ተጭኖ ሄደ። ትርፉ በመኪና ኪራይና በቀለም አለቀ። እህቴ ስልክ ደወለችልኝና፣ “እቁቤን በመዶሻ ቀጥቅጦ ጨረሰልኝ እኮ!” አለችኝ። እየሳቀች ነበር የምታወራው፤ ሳቋ ግን ደስ የሚል አልነበረም።

በማግስቱ ቡና ልጠጣ ቤቷ ሄድኩ። ልጁም ነበረ። ስኒውን በቀኝ እጁ አነሳና መልሶ አስቀመጠው፤ ከዚያ በግራው ያዘው። “ምን ሆነህ ነው?” አልኩት። “ምንም አይደል ጋሼ፤ አንጓዬን ትንሽ ይዞኛል። የብረት በሩ ሥራ ነው” አለኝ። እኔና እህቴ ተያየን። ምንም አላልንም፤ ግን ሁለታችንም ያሰብነው አባታችንን እንደነበር አውቃለሁ።

አባታችን እዚያው አራዳ ሠራተኛ ሰፈር ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስኒ በአንድ እጃቸው መያዝ አይችሉም ነበር። እናታችን ቡናውን ከግማሽ በታች ትቀዳላቸው ነበር፤ እንዳይፈስባቸው፣ እንግዳ ፊትም እንዳያፍሩ። አንድ ቀን፣ “አባባ፣ እጅዎን ምን ነካው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “ብረቱን የመታሁትን ያህል እሱም መትቶኛል” አሉኝ። ያኔ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት።

የሰፈሩን ስም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች ስለሰፈሩበት ነው። ያኔ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው ሁሉ በሙያው ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን ለማስቆም ሞከረ። የሠራተኛውን እጅ መጠበቅ ግን ለባለቤቱ የተተወ ነገር ነው፤ ለባለቤቱና ለቤተሰቡ። ለዚህ ነው ቅዳሜን ለመዶሻ የሰጠሁት።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሱቅ አይደለም፤ ፒያሳ አንድ የማውቃቸው ወርቅ ሠሪ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሰው ተጠፋፍቷል፤ እሳቸውንም ያገኘኋቸው ሰው ጠይቄ ነው። አሁን የሚሠሩት ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ ጠባብ በሆነች ክፍል ውስጥ ነው። የሠላምታው ብዛት ካለቀ በኋላ የመጣንበትን ነገርናቸው።

ሽማግሌው ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ መዶሻ አወጡ። ራሱ ብረት አይደለም፤ ጥሬ ቆዳ እንደ ጥቅል ምንጣፍ ተጠቅልሎና ደርቆ የተሠራ ነው። ቀለበቱን ጫፉ እየቀጠነ በሚሄድ የብረት ዘንግ ላይ አጥልቀው በዚያ የቆዳ መዶሻ ቀስ ቀስ እያሉ ሲመቱት ክብ ሆነ፤ ላዩ ላይ ግን አንድ ጭረት የለም።

“በብረት ቢመቱትስ?” አልኳቸው።

“ምልክት ይተዋል። ምልክቱን ለማጥፋት ደግሞ ወርቁን መፋቅ ነው። የተፋቀው ወርቅ የማን ነው? የደንበኛው ነው” አሉና ወደ ልጁ ዞሩ። “የኔ ልጅ፣ አንተም ቁም ሳጥኑን ስትፍቅ የፋቅኸው የሰውየዋን እንጨት ነው።”

ልጁ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ግን ሊያሳፍሩት አልነበረም። “የኔ መዶሻ ለአንተ ሥራ ቀላል ነው። አንተ የሚያስፈልግህ ፊቱ ለስላሳ፣ ሆዱ ከባድ የሆነ ነው። ደግሞ ተመልሶ የማይዘል” አሉት።

ይኸው ነው የዛሬው ርዕሳችን። ስሙን ግን ምን እንበለው? ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ በቆየበት ጊዜ የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ አዛውሮ፣ ለቦታው “አደባባይ” ማለት የሆነውን ፒያሳን ስም ትቶልን ሄዷል። ከጣሊያንኛ የወረስናቸው የዕቃ ስሞችም ብዙ ናቸው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ። ይህ መዶሻ ግን ዘግይቶ የመጣ ስለሆነ የራሱ ስም የለውም። ሱቅ ገብታችሁ “የፕላስቲክ መዶሻ” ስትሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። የገዢው ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው። እኔ “የማይነጥር መዶሻ” ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያላችሁ ጻፉልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመዶሻው ራስ ውስጡ ክፍት ነው። በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ምስር የሚያካክሉ ጥቃቅን የብረት እንክብሎች አሉ። ነገር ግን እስከ አፉ አልተሞላም፤ እንክብሎቹ ወዲያ ወዲህ የሚሉበት ቦታ ተትቶላቸዋል። ከውጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩረቴን በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ተሸፍኗል።

ለምን እንደማይነጥር ለመረዳት ሁለት ነገር መሬት ላይ ጣሉ፤ ኳስና ጤፍ የያዘ ከረጢት። ኳሱ ነጥሮ ይመለሳል። ከረጢቱ “ዱብ” ብሎ እዚያው ይቀራል። ጤፉ እርስ በርሱ ስለሚንሸራተትና ስለሚፋተግ ወደ ላይ የሚመልሰው ጉልበት አይተርፈውም። የብረት መዶሻ እንደ ኳሱ ነው። ጠንካራ ነገር ሲመታ ከጉልበቱ የተወሰነው ሥራው ውስጥ ሳይገባ በእጀታው በኩል ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ክርን ይመለሳል። የማይነጥረው መዶሻ ግን እንደ ከረጢቱ ነው። ፊቱ ዕቃውን ሲነካ እንክብሎቹ ገና በጉዞ ላይ ናቸው። መዶሻው ወደ ኋላ ሊል ሲል እነሱ ከኋላ ደርሰው ይገፉታል፤ መንጠሩን ያጠፉበታል። ምቱ በአንድ ቅጽበት ከመፈንዳት ይልቅ ጥቂት ረዘም ብሎ ይገፋል። መጋጠሚያ ለማስገባት፣ ብረት ሞርሳ ውስጥ ለማስተካከል፣ የተጣበቀ የመኪና ቸርኬ ለማላቀቅ የሚፈለገውም ይኸው ግፊት ነው።

አባባ ይህን ሳያነቡ ያውቁት ነበር ማለት ነው። “እሱም መትቶኛል” ያሉት የተመለሰውን ምት ነው።

ከፒያሳ ወደ መርካቶ ወረድን። አንድ የዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ባለ ሱቁ ሦስት ዓይነት መዶሻ ደረደረልን። አንዱ ጥቁር የጎማ መዶሻ ነው፤ ርካሽ ነው። ሁለተኛው ድፍን የናይለን መዶሻ ነው። ሦስተኛው ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ውድ የሆነው። ልጁ እጁን ወደ ጎማው ሰደደ፤ የኪሱን መጠን እሱ ነው የሚያውቀው። ቆይ አልኩትና ባለ ሱቁን፣ “ወንድሜ፣ መሬት ላይ ጥለን እንያቸው?” አልኩት።

“ሳትገዙ ልትጥሉብኝ?” አለና ተቆጣ። መዶሻ የተሠራው ለመመታት መሆኑን አስረድቼ፣ ከተሰበረ እንደምከፍል ቃል ገብቼ ነው የፈቀደልኝ። የእጀታውን ጫፍ ላላ አድርጌ ይዤ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጌ፣ ከጉልበቴ ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ለቀቅሁት። የጎማው መዶሻ ነጥሮ የልጁን ቁርጭምጭሚት መታው፤ ከዚያ ተንከባልሎ የቀለም ጣሳ ሥር ገባ። ድፍኑ ናይለንም ነጠረ። ብርቱካናማው “ዱብ” አለና ባረፈበት ቀረ። ባለ ሱቁ ራሱ ወጥቶ አነሳው፤ ደግሞ ጣለው። እንደገና “ዱብ”። “እኔ እኮ እስከዛሬ የቀለሙ ዋጋ ነበር የሚመስለኝ” አለ። ከዚያ በኋላ ሻይ አዘዘልን።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። በሚቀጥለው ሱቅ ያንኑ የሚመስል ብርቱካናማ መዶሻ በግማሽ ዋጋ አገኘን። ልጁ ፊቱ በራ። ጣልነው፤ ነጠረ። ጆሯችን አጠገብ ነቀነቅነው፤ ምንም ድምፅ የለም። ቀለሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው፤ ውስጡ ድፍን ነው። እንግዲህ ልትገዙ ወይም ልታስገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቅዳሜ የተማርነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ ነቅንቁት። ጥሩው መዶሻ ሲነቀነቅ ጤፍ በሰፌድ ላይ እንደሚንሸራተት ያለ ድምፅ ያሰማል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ድፍን ነው፤ ወይም እስከ አፉ ስለሞላ እንክብሎቹ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ የላቸውም። ከዚያ ከላይ እንደነገርኳችሁ ጥላችሁ እዩት። ከነዚህ ከሁለቱ የሚበልጥ ምስክር የለም፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ያማረ ነገር ቢሆንም።

ሁለተኛ፣ ክብደቱን እንደ ሥራው ምረጡ። ለትናንሽ መጋጠሚያና ለመሳቢያ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይበቃል። ለተቀላቀለ የአናጺና የብረት ሥራ 1 ኪሎ አካባቢ ያለው ለብዙ ነገር ይሆናል። ከ1.5 ኪሎ በላይ ያለው ለጋራዥና ለከባድ ብረት ነው። ክብደቱ በፓውንድ ወይም በኦውንስ ተጽፎ ካያችሁ አትደናገሩ፤ 1 ፓውንድ 454 ግራም ያህል ነው፤ በ1 ፓውንድ ውስጥ 16 ኦውንስ አለ። ስለዚህ 32 ኦውንስ የሚለው 900 ግራም ገደማ ነው ማለት ነው። ወጣት ሁሉ ትልቁን ይወዳል፤ የእኛም ልጅ ባለ 2 ኪሎውን አንስቶ ነበር። ክንድህን ዘርግተህ በአንድ እጅ ያዘውና እስከ ሠላሳ ቁጠር አልኩት። አሥራ ሰባት ላይ አስቀመጠው። የማይነጥር መዶሻ ምቱን ስለማያባክን ቀላሉም ከሚገመተው በላይ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ፊቱን ተመልከቱ። ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ የተሟላ፣ ስንጥቅ የሌለው መሆን አለበት። ነጣ ባለ እንጨት የምትሠሩ ከሆነ ነጭ ወረቀት ላይ ፈተግ አድርጉት፤ ቀለም የሚለቅ ከሆነ እንጨታችሁም ላይ ይለቃል። ጥቁሩ የጎማ መዶሻ በዚህ በኩል የታወቀ ነው። አንዳንዶቹ መዶሻዎች ፊታቸው በብሎን የሚፈታ ነው፤ ሲያልቅ ፊቱን ብቻ መቀየር ይቻላል። እነዚህን ከመግዛታችሁ በፊት ግን መለዋወጫው እዚሁ አገር መገኘቱን ጠይቁ። መለዋወጫ ከሌለው ተፈታም አልተፈታም ያው ነው።

አራተኛ፣ እጀታውን አትርሱ። ከራሱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራና ውስጡ የብረት ዘንግ ያለው እጀታ አይወልቅም። እጃችሁን ትንሽ ዘይት ነክታችሁ ያዙት፤ የሚያዳልጥ ከሆነ ተዉት። እጅግ የወፈረ እጀታ አጥብቆ መያዝ ስለሚጠይቅ አንጓን ያደክማል። ገዢው ሳይሆን የሚሠራበት ሰው ራሱ ይያዘው። የባል ጫማ በሚስት እግር አይለካም።

አሁን ደግሞ የማይሠራበትን ልንገራችሁ። ሚስማር አይመታበትም፤ የሚስማሩ ራስ ፕላስቲኩን ይበሳዋል። ስል ጠርዝ ያለው ላሜራ አይመታበትም፤ ይቆርጠዋል። ከብየዳ የወጣ ትኩስ ብረት አይመታበትም፤ ይቀልጣል። ቲነር ባለበት ጣሳ አጠገብ አይቀመጥም፤ ፀሐይ ላይም አይሰነብትም። ተሰንጥቆ እንክብሎቹ መፍሰስ ከጀመሩ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ልትቀጥሉ አትሞክሩ፤ ዘመኑ አልቋል። በተለይ አሮጌ ከሆነ ወይም ሰው በእጁ የሠራው ከሆነ፣ ውስጡ ያለው እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ሊሆን ይችላል። እርሳስ መርዝ ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ ይብሳል። ልጆች እንዳያነሱት፣ ነክታችሁትም ሳትታጠቡ እንዳትበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም ዓይነት መዶሻ የሚሆን፤ የብረት መዶሻን በብረት መዶሻ አትምቱ። ሁለቱም ፊት ደረቅ ስለሆነ ስብርባሪው እንደ ጥይት ይወረወራል፤ የሚሄደውም ወደ ዓይን ነው። የመከላከያ መነጽር ዋጋው ከመዶሻም ያነሰ ነው።

“እኛ ግን ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለንም” የምትሉ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው፤ የእኛም ልጅ ከብረቱ መዶሻ አራት እጥፍ ነው የከፈለው። ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ የሚሆን ዘዴ አለ። የተላገ የእንጨት ቁራጭ ሥራው ላይ አድርጋችሁ በቁራጩ ላይ ምቱ፤ ጨርቅ ይንሸራተታል፣ ሰፋ ያለ እንጨት ግን ምቱን ያሰፋዋል። ከወይራ እንጨት የተሠራ መዶሻም ለመጋጠሚያ የብረቱን ያህል አይጎዳም። እጅን ከመልሶ ምት በማዳን በኩል ግን ሁለቱም የማይነጥረውን አያክሉም። ደግሞም ለሁሉ ነገር እሱን ግዙ እያልኩ አይደለም። ሚስማር የብረቱ ነው፤ ሴራሚክ ለማስቀመጥ የጎማው ይበቃል። የአባባ ሥራ፣ የጋለ ብረት መቀጥቀጥ፣ ዛሬም ቢሆን የብረት መዶሻ ነው የሚፈልገው። ለእሳቸው ይህ መዶሻ መፍትሔ አይሆንም ነበር። እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው የምነግራችሁ እንጂ ለጽሑፉ የሚያምረው ሌላው ነበር።

ወደ ቅዳሜያችን ልመለስ። ተመልሰን የመጀመሪያው ሱቅ ሄድንና ባለ 1 ኪሎውን ብርቱካናማ ገዛን። ልጁ ገንዘቡን ሲቆጥር እጁ ቀስ አለ። ያ ገንዘብ ለቀጣዩ ሥራ ቫርኒሽ መግዣ የተቀመጠ ነበር። ልጨምርልህ ብለው እምቢ አለኝ። “ጋሼ፣ ይሄን ራሴ ልግዛው” አለ። ተውኩት።

ማክሰኞ ወደ ክፍላቸው ጎራ አልኩ። አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ እያገጣጠሙ ነበር። ከውጭ ቆሜ አዳመጥኩ፤ የለመድኩት የ“ቀጭ ቀጭ” ድምፅ የለም፤ “ዱብ... ዱብ” ብቻ። በሩ አጠገብ ቡና የምታፈላው ጎረቤታቸው፣ “እነዚህ ልጆች ሥራ አቆሙ እንዴ ብዬ ገብቼ አየኋቸው” አለችኝ። መደርደሪያውን በጣቴ ዳበስኩት፤ ሽማግሌውና የሙሽሪት እናት እንደሚያደርጉት። ልስልስ ያለ ነው።

አንጓውን በተመለከተ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። እብጠት አለ፣ ሁለት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳትመታ ተብሏል፤ ስለዚህ ለጊዜው የሚመታው ጓደኛው ነው፣ እሱ ይለካል ይቆርጣል። መዶሻ መድኃኒት አይደለም። የተጎዳውን አያድንም፤ ገና ያልተጎዳውን ግን ይጠብቃል። ጓደኛውም የሰው ልጅ ነው፤ እሱም ቡና የምታፈላለት እናት አለችው።

ማታ እህቴ ደወለች። “እሺ፣ ያ የሙሽራ ቀሚሳችሁ እንዴት ነው?” አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ “አባባ ቢኖሩ ኖሮ ያንን መዶሻ አንስተው ምን የሚሉ ይመስልሃል?” አለችኝ።

“‘ይሄ አሻንጉሊት ነው’ ነበር የሚሉት” አልኳት።

ሁለታችንም ሳቅን፤ በዚህኛው ጊዜ ሳቋ የድሮው ሳቋ ነበር። “እሁድ ቡና እንዳትቀር፤ ለልጁ ስኒውን ሙሉ ነው የምቀዳለት” ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እናንተም ቤት ውስጥ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ መሣሪያውን አንስታችሁ እዩት። መዶሻውን፣ መቀሱን፣ ቢላውን፣ መጥረቢያውን። ምቱ ሥራው ላይ ይቀራል ወይስ ወደ እጁ ይመለሳል ብላችሁ ጠይቁት። ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።